ከሐድራው ወደ መድረኩ፦ የወሎ ላሊበላ ኪነት ጉዳይ

አምባሰል የሚወድ ሰው ማሪቱ ለገሰን ያውቃታል። በሬዲዮ ሰምቷታል፣ በካሴት ሰምቷታል፣ አሁን ደግሞ በስልኩ ይሰማታል። ማሪቱ ያለፈችበትን ቤት ግን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ቤቱ የወሎ ላሊበላ ኪነት፣ የክፍለ ሀገሩ የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን ነው። መቀመጫው ደሴ። ጎንደር ፋሲለደስ ኪነት ነበራት፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ ነበረው፣ ወሎ ደግሞ ላሊበላ። ዛሬ ደሴ ላይ ወሎ ባህል አምባ ሲባል ከአዳራሹ ጋር አብሮ የሚነሳው ስምም ይኸው ነው።

የዚህን ቤት ጉዳይ ከሥሩ ማየት እፈልጋለሁ። ከየት የመጡ ሰዎች ሞሉት? ምን ሰጣቸው? ምን ወሰደባቸው? ወሎ እንደ ክፍለ ሀገር ስትፈርስስ ምን ገጠመው? ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ላሊበላ ኪነት ዘፋኝ አልፈጠረም። ሌላ ቦታ ተሠርተው ያለቁ ሰዎችን ሰብስቦ ደመወዝና መድረክ ሰጣቸው። ትልቁ ሥራው ይህ ነው። ዕዳው የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

ከኪነቱ በፊት የነበሩ ቤቶች

ወሎ ውስጥ ጥበብ ከአዳራሽ በፊት ቤት ነበራት። ሐድራ፣ የሌሊቱ የዱዓና የመንዙማ ጉባኤ ላይ ያደረ ሰው ይህን ያውቃል። ሲመሽ ጀማው ይሰበሰባል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል። ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጀማው «አሚን» ይላል። ከዚያ የመንዙማ፣ የመንፈሳዊው ውዳሴ ዜማ፣ አውጪው ድምፁን ያነሳል። ጀማው ይቀበለዋል። ድቤው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ጭብጨባው ከድቤው ጋር ይገጥማል። አውጪው ስንኙን ሲያስረዝም ድቤ መቺው ይጠብቀዋል። ሲያፋጥን ይከተለዋል። እንዲህ እየተባለ ሌሊቱ ይጋመሳል፣ ይነጋልም። ጥግ ላይ ተቀምጦ ያደገ ልጅ ግጥም መግጠም፣ ዜማ መያዝ፣ ሰው ፊት አለማፈር ይለምዳል። «ተማር» ያለው የለም። ግን ተምሯል።

ከእነዚህ ቤቶች ስመ ጥሩ ጀማ ንጉሥ ነው። ደቡብ ወሎ፣ አልብኮ ውስጥ ይገኛል። ቦታውን ያቀኑት ከ18ኛው ወደ 19ኛው መቶ ዘመን የተሻገሩት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ናቸው። ቃዲሪያ የሚባለው የሱፊ መንገድ (ጦሪቃ) ሼህ ነበሩ። የነቢዩ መውሊድ በወሎ ምድር በዚያ ድምቀት መከበሩም ከእሳቸው ቤት ጋር የተያያዘ ነው። እስከ ዛሬ ሕዝብ ከየአቅጣጫው ወደ ጀማ ንጉሥ ይተማል።

ቆይቶ ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር መጡ። እሳቸው መንዙማቸውን በአማርኛ ገጠሙ፣ በዓረብኛ ፊደል ጻፉት። ይህን አጻጻፍ ዓጀሚ ይሉታል። ቁርኣን ቤት ፊደል የቆጠረ ገበሬ የገዛ ቋንቋውን በዚያው ፊደል ያነባል ማለት ነው። ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲወራ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ተዘሎ ይታለፋል። በጣም ያሳዝነኛል። ዘመኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የ19ኛውን መቶ ዘመን የወሎ እስልምና ያጠኑትን የታሪክ ምሁር የፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድን ሥራ ይፈልግ።

ላስታ ደግሞ ሌላ ቤት አለ። የገና ዕለት ላሊበላ ላይ፣ ቤተ ማርያም ዘንድ፣ ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ገሚሱ ከታች። «ቤዛ ኩሉ» እያሉ ይቀባበላሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ሐድራው ሌላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ። ማውጣትና መቀበሉ ግን በሁለቱም አለ። ሠርግ ቤትም አለ፣ አውድማም ላይ አለ። ወሎ ውስጥ ብቻውን የሚዘፍን ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁልጊዜ የሚቀበለው አለ።

ገበያውንም አንርሳ። ባቲ ሰኞ ሰኞ ይቆማል። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፣ አማራውና ኦሮሞው እህሉን ይዞ ከደጋ ይወርዳል። በአንድ ቀን ስንት ቋንቋ፣ ስንት ዜማ እዚያ ይገናኛል! ባቲ የሚባለው ቅኝት፣ ማለትም የድምፆች አሰካክ፣ ስሙ የዚህች ከተማ ስም ነው። አምባሰል ደግሞ ውጫሌና ግሸን ማርያም ያሉበት ተራራማው አገር ነው። ትዝታንና አንቺ ሆዬንም ወሎዬው «የኛ ናቸው» ይላል። አራቱን የሀገራችንን ቅኝቶች ወሎ ወለደቻቸው የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ደሴ የሕዝብ አዳራሽ ታሪኳን ከአይጠየፍ ብትጀምር አይበዛባትም። አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ሚካኤል መጀመሪያ መሐመድ ዓሊ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳው ጉባኤ የወሎን መኳንንት ክርስትና ሲያስነሱ እሳቸውም ተጠመቁ። ሼህ ጦልሐ በአንጻሩ እምቢ ካሉት አንዱ ነበሩ። ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ነገሡ። ሃይማኖት መለወጥ ምን እንደሆነ በራሳቸው ያዩት ሰው እስላም ክርስቲያኑን፣ ባለጸጋና ድሃውን አንድ ጣሪያ ሥር የሚያበላ አዳራሽ አሠሩ። ግብር ባለበት ደግሞ ማሲንቆ አይጠፋም።

እንግዲህ ኪነቱ ሲመጣ ወሎ ባዶ ሜዳ አልነበረችም።

ክፍለ ሀገሩ መድረክ ሲሠራ

በ1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ወረሰ። ቀበሌ የሚባለው አደረጃጀት የመጣው ከዚሁ አዋጅ ጋር ነው። ቀበሌው ሲደራጅ ወጣቱ ተደራጀ፣ ወጣቱ ሲደራጅ ኪነት ተቋቋመ። የገበሬ ማኅበሩም፣ ፋብሪካውም፣ ትምህርት ቤቱም የራሱ ኪነት ነበረው። ውድድሩ ከቀበሌ ተነስቶ ወደ አውራጃ ይወጣል፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር። ጎላ ብሎ የታየው ሰው ይመረጣል።

መንግሥት ኪነትን የፈለገው ለቅስቀሳ ነው። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። አብዮቱ መወደስ አለበት፣ ዘማቹ መሸኘት አለበት፣ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መሠረተ ትምህርት መዘፈን አለበት። ድምፃዊው የተሰጠውን ግጥም ይዘፍናል፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ዛሬ ከእነዚያ የመፈክር ዘፈኖች አንዱን የሚያንጎራጉር ሰው አላጋጠመኝም። በዚያው መድረክ፣ በዚያው ድምፅ የተዘፈነው አምባሰልና ባቲ ግን በየሠርጉ፣ በየታክሲው አለ።

ላሊበላ ኪነት ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር ስፋቱ ይመስለኛል። ያኔ ወሎ ማለት ከዋግ እስከ አውሳ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገው ኽምራው፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ የራያው ሰው ሁሉ በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር። በወሎ ስም የቆመ መድረክ ይህን ሁሉ መሸከም ነበረበት። የራያው ዘላይ ዱላውን ይዞ ይገባል። የወሎው እስክስታ ትከሻ ላይ ነው፣ አንገት ላይ ነው። የከሚሴው ኦሮሞ ጭፈራ ሌላ አካሄድ አለው። አንዱ የሌላውን መጫወት ግድ ነው፣ ተወዛዋዡ ልብስ እየቀየረ ሁሉንም ይጫወታልና። ባላገሩ የጎረቤቱን ዘፈን ገበያ ላይ ሰምቶት ይሆናል። ኪነት የገባ ሰው ግን ከጎረቤቱ ቁጭ ብሎ ተምሮታል።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ክራር ስድስት አውታር አለው። አምስቱ አምስት ድምፅ ይይዛሉ፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይደግማል። ክራሩ በትዝታ ተቃኝቷል እንበል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አሁን ድምፃዊቷ አምባሰል ልትዘፍን ነው። ክራር መቺው ዶንና ሶልን አይነካቸውም። ሬን በግማሽ ድምፅ ያወርዳል። ሚን በግማሽ ያወጣና ፋ ያደርገዋል። ላን በግማሽ ያወርዳል። በቃ፣ አምባሰል ሆነ። ሦስት አውታር፣ እያንዳንዱ በግማሽ ድምፅ። ሳቅ የነበረበት ዜማ ሆድ የሚያባባ ይሆናል። ይህን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ በኖታ ይማረዋል። የገጠሩ ክራር መቺ ኖታ አላየም። በጆሮው ነው የሚያደርገው፣ ያውም ጨዋታው ሳይበርድ፣ ግራ እጁ አግዳሚው ላይ የተጠመጠመውን ክር እያላላና እያጠበቀ።

የእነዚህ ሰዎች እውቀት እንዲህ ያለ ነው። ኪነቱ ሲያገኛቸው በእጃቸው ይዘውት መጥተዋል።

ሴቶቹ

ስለ ሴቶቹ ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ልጁ ዘፋኝ ስትሆን ደስ የሚለው ወላጅ ብርቅ ነበር። «ልጄ አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ንግግር ስድብም፣ ፍርሃትም፣ እፍረትም አለበት። አዝማሪ ሠርጉን ያደምቃል፣ ከሠርገኛው ጋር ግን አይጋባም። ወንዱን እንዲህ ካሉት ሴቷን ምን ሊሏት እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። የእስላም ልጅ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። መንዙማ ላይ መቀበል አንድ ነገር ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ወንድ ፊት ትከሻ መምታት ሌላ።

ኪነት ይህን በአንድ ጊዜ አላስወገደውም። ግን አንድ ቀላል ነገር አደረገ፤ ሥራ አደረገው። ደመወዝ አለው፣ የመግቢያ ሰዓት አለው፣ ልምምድ አለው፣ ፊርማ አለው። «እማማ፣ የመንግሥት ሥራ እኮ ነው» ማለት ተቻለ። ሠላሳ ቀን ጠብቃ ለእናቷ ስኳርና ጋዝ ገዝታ የገባች ልጅ ቤት ውስጥ ቦታዋ ይቀየራል። ሰፈሩ ማማቱን ባይተውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ኪነትን ከማመሰግንበት ነገር ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ማሪቱን የመሰለች ድምፃዊት ከሠርግ ቤት ወጥታ የሀገር ድምፅ እንድትሆን መንገድ የሚሆን ነገር ነበር። በኋላ እሷም እንደ ብዙዎቹ አሜሪካ ተሻግራ ረጅም ዓመታት ኖረች። አምባሰሉ ግን ወሎ ነው የሚሸተው።

ዘፈንና ረሃብ

ወሎን ዓለም ያወቃት በዘፈን አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረሃብ አወቃት። በ1977 እንደገና በረሃብ። ያኔ ኮረም የወሎ ነበረች፣ በቢቢሲ ዓለም ያየው የረሃብ ምስል የተነሳው እዚያ ነው። ባቲም ትልቅ መጠለያ ነበረባት። እስቲ አስቡት፣ ባቲ ባቲ እየተባለ የሚዘፈንላት ከተማ በዚያው ስሟ የእርዳታ ሪፖርት ላይ ስትጻፍ! ሰው በየድንኳኑ ሲወድቅ፣ ክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ነበረው። ይህን ማስታረቅ ከባድ ነው፤ ለማስታረቅም አልሞክርም። ዘፋኞቹ ከዚያው ከተራበው ቤት የወጡ ናቸው። ወላጃቸው፣ አክስታቸው፣ የሰፈራቸው ልጅ እዚያ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቅ የሙዚቃ ጉዞ ተዘጋጀ። ከመላው ሀገሪቱ የተውጣጡ ከያንያን አውሮፓና አሜሪካ ዞሩ። ዓላማው በድርቁ ጊዜ እጁን የዘረጋውን ሕዝብ ማመስገን ነበር። የወሎ ዜማና እስክስታ በውጭ ሰው ፊት የምስጋና ስጦታ ሆኖ መቅረቡ ልብ ይነካል። ከጥቂት ዓመት በፊት የተራበ ፊቷን ብቻ ያየ ሰው፣ አሁን ትከሻዋን አየ።

መሬቱ ሲቆረጥ

1983 መጣ። ደርግ ወደቀ፣ ክፍለ ሀገር የሚባለውም አብሮ ቀረ። ወሎ ተከፋፈለች። ሰሜን ወሎ ከወልድያ፣ ደቡብ ወሎ ከደሴ ይተዳደሩ ጀመር። ዋግ ኽምራ ሰቆጣ ላይ፣ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከሚሴ ላይ ራሳቸውን ቻሉ። አውሳ ወደ አፋር፣ ኮረምና አላማጣ ወደ ትግራይ ሄዱ።

የአስተዳደሩን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። ለኪነቱ ግን ምን ማለት እንደሆነ እንይ። የዚህ ቤት ምንጭ የክፍለ ሀገሩ ስፋት ነበር። ጎበዝ ጎበዙ ከየአውራጃው እየተመረጠ ይመጣል። አውራጃው ሲቀር መመልመያው ቀረ። ዋግ ጎበዝ ተወዛዋዥ ቢያወጣ ወደ ደሴ የሚያመጣው መንገድ የለም። አፋሩም የራሱ ክልል አለው። በወሎ ስም የተቋቋመው ቡድን ሰፊው ስሙን እንደያዘ ጠባብ ዞን ላይ ቆመ። በጀቱም፣ ተጠሪነቱም፣ የሚዞርበት አገርም ጠበበ። አርቲስቱ አዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤት የተሻለ ይከፍለኛል ብሎ ቢወጣ አይፈረድበትም። ልጅ አለው፣ የቤት ኪራይ አለው።

ቢሆንም አልሞተም። ላሊበላ ኪነት የሚለው ስም ዛሬም ደሴ ውስጥ አለ። ባህል አምባም አለ። አዳራሹ ግን የስብሰባም፣ የሥልጠናም፣ የምረቃም ቦታ ሆኗል። ከተማ ውስጥ ዓይነተኛ አዳራሽ ሲያንስ የሚሆነው ይኸው ነው። የልምምዱ ሰዓት ለስብሰባው ይለቀቃል። እኔ ቢጠይቁኝ ተቃራኒውን አደርግ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ህዳር 27 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ሕዝቡ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ። በዚያ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ሙዚየሙ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው። የብራና መጻሕፍትም፣ የአባቶች ዕቃም የተቀመጠው እዚያ ነበር። የተዘረፈ ብራና አንድ ቀን ሊመለስ ይችላል፣ ዝርዝሩ ከተያዘ ይፈለጋል። ስለ ኪነቱ ሰዎች ሳስብ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የእነሱ ዝርዝር የቱ ነው?

«ሕዝብ» የሚባለው ደራሲ

የድሮ ካሴት ሽፋን አገላብጡ። «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አምባሰልን ማን ደረሰው ይባላል? ግን ስንኙን የደረደረ አንድ ሰው አለ። ከዴላንታ ወይም ከቃሉ የመጣች አንዲት ሴት ሠርግ ላይ ያወጣችው ስንኝ መድረክ ላይ ወጣ፣ ተቀዳ፣ ተሸጠ፣ ዛሬ በሚሊዮን ይታያል። ስሟ የለም። የዜማ መልኩን ያስተካከለው ክራር መቺ ስሙ የለም። ድምፃዊዋ ብቻ ትታወቃለች፣ እሷም ዕድለኛ ከሆነች።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ከዋኙንም፣ ሥራውን የሚጫወተውንም፣ ይጠብቃል። ችግሩ መብቱን የሚጠይቀው ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ኪነቱ ደመወዝ ከፍሏል፣ ለዚያ አመሰግናለሁ። ደመወዝ ግን ስምን አይተካም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ መንዙማው ላይ ነው። መድረኩ ዜማውን ወስዷል፣ አወጣጡን ወስዷል፣ ጭብጨባውን ወስዷል። መንዙማውን ራሱን ግን «ሃይማኖት ነው» ብሎ ደጅ ተወው። አብዮታዊ መንግሥት እንዲህ ቢያደርግ አይገርምም። ዛሬ ግን ምክንያት የለም። ስለ ወሎ ኪነ ጥበብ የሚቆም ቤት ሼህ ጦልሐን ሳይጠቅስ ታሪኩን ሊያወራ አይችልም። መንዙማውን ዘፈን አድርጉት አላልኩም፣ እሱ የራሱ ክብር አለው። ከየት እንደተማርን ግን ግድግዳው ላይ ይጻፍ።

የሚያስፈልገው ሥራ ውድ አይደለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ደሴ አለ። የታሪክም፣ የአማርኛም ተማሪ አለው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ልጅ ሞልቷል። ከባህል አምባ ጋር አንድ ደብዳቤ ተጻጽፎ መጀመር ይቻላል። በዕድሜ ከገፉት ይጀመር፦ ከመጀመሪያዎቹ ተወዛዋዦች፣ ከክራርና ማሲንቆ መቺዎቹ፣ አልባሳቱን ከሰፉት፣ መብራቱን ከያዙት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይበቃል። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ያደገበት አገር፣ ዜማውን ከማን እንደያዘ፣ ኪነት የገባበት ዓመት፣ የተጫወታቸው ዘፈኖች ከእነገጣሚያቸው። «ገጣሚው ማን ነው?» ሲባል «ሕዝብ» የሚል መልስ ከመጣ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ አንቱ መጀመሪያ ከማን አፍ ሰሙት?